የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማስታንግን በሲሙሌተር ማብረር

ከጅማ የሚደርሱን ጥያቄዎች ስለበረከቱ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ አውሮፕላን ላይ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተሰለፈው ፒ-51ዲ ማስታንግ ላይ፣ ዲሲኤስ ወርልድ በተባለው የኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር ውስጥ። ምክንያቱ ይገባናል። ዲሲኤስ ወርልድ ያለ ክፍያ ይወርዳል፤ ቲኤፍ-51ዲ የሚባለው መሣሪያ የሌለው ባለ ሁለት መቀመጫ ማስታንግና የካውካሰስ ካርታም አብረውት በነጻ ይመጣሉ። ጠመንጃ ያለው ፒ-51ዲ ግን ለብቻው ይሸጣል።

ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ «ሲሙሌተሩ ተበላሽቷል» ብለው ነው የሚጀምሩት። በእኛ እምነት ግን ከዘረዘሯቸው ችግሮች አብዛኞቹ የአውሮፕላኑ የራሱ ጠባዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 እውነተኛውን ማስታንግ የያዙ ወጣት አብራሪዎችም በእነዚሁ ተፈትነዋል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ፣ እጀታው የሚጠመዘዝ ጆይስቲክ ገዝቼ ነው የምጠቀመው። አውሮፕላኑ ሳልነካው ወደ ቀኝ ይጋደማል፤ ጋዙም አንዳንዴ በራሱ ከፍና ዝቅ ይላል። ጆይስቲኩ ሞቷል ማለት ነው? (ተማሪ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ)

መልስ፦ ከመጣልዎ በፊት ምደባውን ይመርምሩ። ዲሲኤስ አዲስ መቆጣጠሪያ በተሰካ ቁጥር ፒችን (አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች ማድረግ)፣ ሮልን (ወደ ጎን ማጋደል)፣ ራደርን (አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ ማዞር) እና ጋዝን በራሱ ግምት ይመድብለታል። ከጆይስቲኩ ጎን የጌም ፓድ ወይም የመኪና ጨዋታ መሪ ተሰክቶ ከሆነ፣ ሮል በሁለት ዕቃዎች ላይ ተመድቦ ሁለቱ ይሻማሉ። «ሳልነካው ይጋደማል» ከሚሉን ሰዎች የአብዛኞቹ ችግር ይህ ሆኖ ይገኛል።

ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተው ኮንትሮልስን ይክፈቱ። ከላይ በግራ ካለው ዝርዝር አውሮፕላኑን ይምረጡ፤ ቲኤፍ-51ዲ እና ፒ-51ዲ የየራሳቸው ምደባ ስላላቸው በአንዱ ላይ ያስተካከሉት ወደ ሌላው አይተላለፍም። ቀጥሎ አክሲስ ኮማንድስ የሚለውን ምድብ ይምረጡና በእያንዳንዱ ዕቃ ዓምድ ሥር ያለውን ሁሉ ያጥፉ፤ የመዳፊቱን ዓምድም አይርሱ። ከዚያ ፒች፣ ሮል፣ ራደርና ጋዝን ብቻ አንድ በአንድ በጆይስቲኩ ላይ መልሰው ይመድቡ። ጋዙ ተገልብጦ ከመጣ፣ ማለትም ወደፊት ሲገፉት የሚቀንስ ከሆነ፣ አክሲስ ቲዩን ውስጥ ኢንቨርት የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ።

እጅዎን ከጆይስቲኩ ላይ አንስተው በአክሲስ ቲዩን መስኮት ያለችውን ነጥብ ይመልከቱ። መሃል ላይ ረግታ ከተቀመጠች ዕቃው ጤነኛ ነው። የምትንቀጠቀጥ ወይም ትንሽ ወደ ጎን ያዘነበለች ከሆነ በውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መለኪያ አርጅቷል ወይም አቧራ ይዟል፤ ለፒችና ለሮል ከ3 እስከ 5፣ ለሚጠመዘዘው ራደር ደግሞ እስከ 8 የሚደርስ ዴድዞን (እጀታው ቢነካም አውሮፕላኑ የማይታዘዝበት የመሃል ክልል) ይስጡት። ከዚያ በላይ ከጨመሩ መሃሉ ስለሚደነዝዝ ዒላማ ላይ አነጣጥሮ መቆየት አይቻልም።

ከርቨቸር የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ለፒች 20፣ ለሮል 15፣ ለራደር 25 አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። አጭር እጀታ ያለው የጠረጴዛ ጆይስቲክ በትንሽ እንቅስቃሴ ብዙ ስለሚያዝ፣ ኩርባው መሃሉን ያለዝበዋል። ዋጋ ግን አለው፤ መሃሉ በለዘበ መጠን ዳሩ ይሾላል፤ እጀታውን አጥብቀው ሲስቡ አውሮፕላኑ በድንገት ያፈነግጣል። ስለዚህ 30ን እንዲያልፉ አንመክርም።

ምደባው ካለቀ በኋላ ጆይስቲኩን ሁልጊዜ በዚያው የዩኤስቢ ቀዳዳ ይሰኩ፤ ቀዳዳ ሲቀየር ዲሲኤስ እንደ አዲስ ዕቃ ሊቆጥረውና የደከሙበትን ሁሉ ሊረሳው ይችላል። ሴቭድ ጌምስ ውስጥ፣ በዲሲኤስ ሥር፣ ኮንፊግ በሚለው ፎልደር ያለውን ኢንፑት የተባለ ፎልደር በፍላሽ ገልብጠው ያስቀምጡ። ዊንዶውስ ቢጠፋም ምደባዎ ከእርስዎ ጋር ነው።

ጥያቄ፦ ጋዝ ሰጥቼ መንደርደር ስጀምር አውሮፕላኑ ወደ ግራ ይጠመዘዝና ሳሩ ውስጥ ይገባል። በቀኝ ፍሬን ላስተካክለው ስሞክር ደግሞ በአፍንጫው ይተከላል። (አንባቢ፣ ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ወደ ግራ የሚጎትቱት አራት ኃይሎች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመጡም። የማስታንግ ፕሮፔለር ከአብራሪው መቀመጫ ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ ይሽከረከራል። የሞተሩ የአጸፋ ጉልበት አውሮፕላኑን ወደ ግራ ስለሚያጋድመው የግራ ጎማ መሬቱን ይጫናል። ፕሮፔለሩ የሚወረውረው አየር በአውሮፕላኑ ዙሪያ ተጠምዞ የጭራውን ግራ ጎን ይመታና አፍንጫውን ወደ ግራ ያዞራል። ጭራው መሬት ላይ እያለ ፕሮፔለሩ ወደ ላይ ስለሚያጋድል፣ በቀኝ በኩል የሚወርደው ምላጭ በግራ ከሚወጣው የበለጠ ይስባል። በመጨረሻም ጭራው ከመሬት በሚነሳበት ቅጽበት፣ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር በጂሮስኮፕ ሕግ መሠረት አንድ ተጨማሪ የግራ ግፊት ይሰጣል። ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህ ቅጽበት ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አሸንፎ፣ እጀታውን ቶሎ ወደፊት ገፍቶ ጭራውን ሲያነሳ አውሮፕላኑ ያመልጠዋል።

ከመንደርደር በፊት የራደር ትሪሙን (ራደሩን በእግር ሳይገፉት በቦታው የሚይዘውን ማስተካከያ) 6 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያድርጉ። የሮል ትሪም ዜሮ ይሁን። ከመቀመጫው ጀርባ ያለው የነዳጅ ታንክ ባዶ ከሆነ የፒች ትሪምም ዜሮ ይሁን፤ ሙሉ ከሆነ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ወደ አፍንጫ ከባድ በኩል ያድርጉት። ዙሩን የሚወስነውን የፕሮፔለሩን ዘንግ እስከ መጨረሻው ወደፊት ይግፉ።

ወደ አስፋልቱ መሃል ገብተው ጥቂት ሜትር ቀጥ ብለው ይንከባለሉ። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ግን የጭራ ጎማውን የሚያቀናው እሱ ነው። የማስታንግ ጭራ ጎማ እጀታው ወደ ኋላ ሲሳብ ይቆለፍና ከራደሩ ጋር 6 ዲግሪ ብቻ ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል። እጀታው ወደፊት ሲገፋ ግን ይፈታና እንደልቡ ይሽከረከራል። ጋዝ እየሰጡ እጀታውን ወደፊት ከገፉ ጭራዎን የሚይዝ ነገር የለም።

እጀታውን ወደ ኋላ ስበው ይዘው፣ ጋዙን ቀስ ብለው ወደ 40 ኢንች ያድርሱ (ኢንቹ በማኒፎልድ መለኪያው የሚነበበው፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት ነው)፤ ይህን ለማድረግ አምስት ሰከንድ ያህል ይውሰዱ። ቀኝ ራደር አስቀድሞ ይግባ፤ አፍንጫው ዞሮ ካዩት በኋላ መከተል ሁልጊዜ ዘግይቶ መድረስ ነው። ቀጥ ብሎ መሮጡን ሲያረጋግጡ ጋዙን ወደ 61 ኢንች ያሳድጉ። ለቀላሉ ቲኤፍ-51ዲ 46 ኢንችም ይበቃል። ፍጥነት ሲይዝና ራደሩ ሲያዝዎት እጀታውን ወደ መሃል ይልቀቁት፤ ጭራው በራሱ ጊዜ ይነሳል። በሰዓት በ100 እና በ110 ማይል መካከል በለሆሳስ ሳብ ሲያደርጉት ይነሳል። ጎማውን ይሰብስቡ፣ ጋዙን ወደ 46 ኢንች፣ የፕሮፔለሩን ዙር ወደ 2,700 ይቀንሱ፣ በ170 ማይል ይውጡ።

ፍሬኑን በመንደርደር ላይ አይንኩት። የማስታንግ ክብደት ከዋናዎቹ ጎማዎች ብዙም ስለማይርቅ ጭራው ቀልሎ እያለ ፍሬን ከተያዘ ወደፊት ይገለበጣል። ኦፕሽንስ ውስጥ ስፔሻል በሚለው ገጽ፣ በማስታንግ ሥር፣ የመነሻ ድጋፍ መቆጣጠሪያ አለ። በ100 ይጀምሩና በየጊዜው ዝቅ እያደረጉ ወደ ዜሮ ያውርዱት። አውቶ ራደር የሚለውን ግን ከመጀመሪያው ያጥፉት፤ እግር የሚማረውን ነገር ይደብቃል።

ጥያቄ፦ ጅማ ከባሕር ጠለል ከፍ ያለች ናት። ማስታንግ ከእኛ አየር ማረፊያ ቢነሳ ምን ይለወጣል? በሲሙሌተሩስ መሞከር ይቻላል? (መምህር፣ ከአጂፕ ሰፈር)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደነዋል። የጅማ አየር ማረፊያ ከፍታ ወደ 1,700 ሜትር ነው። በዚህ ከፍታ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ፣ አየሩ ከባሕር ጠለል መደበኛ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው።

ክንፉ የሚያውቀው የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየውን ነው። ስለዚህ የሚነሱበት ቁጥር አይለወጥም፤ 105 ማይል ያው 105 ነው። መለኪያው 105 ሲል ግን አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚሮጠው ወደ 118 ማይል ነው። የመንደርደሪያው ርዝመት በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ሞተሩ እኩል ቢጎትት እንኳ ከሩብ በላይ ይረዝማል። ሲያርፉም እንደዚሁ፤ መሬቱ ከለመዱት በላይ ሲሮጥ ያያሉና ዓይንዎ «ፈጠንክ» ይልዎታል። ዓይንዎን አምነው ከቀነሱ ግን ከአየር ላይ ይወድቃሉ። መለኪያውን ይመኑ።

የሞተሩ ጉዳይ ሌላ ነው። ሞተር ሳይነሳ የማኒፎልድ መለኪያው የውጩን የአየር ግፊት ያሳያል፤ በባሕር ጠለል 30 ኢንች ገደማ፣ በጅማ ከፍታ ደግሞ 24 ኢንች ገደማ። አየር የሚያጭቅ መጭመቂያ የሌለው ሞተር ከዚያ በላይ ሊያገኝ አይችልም፤ ገና ከመነሻው አንድ አምስተኛ ጉልበቱን አጥቷል። የማስታንግ ፓካርድ ሜርሊን ሞተር ግን ሁለት ደረጃና ሁለት ፍጥነት ያለው ሱፐርቻርጀር ስላለው በጅማ ከፍታ 61 ኢንቹን ሳይቸገር ይሰጣል።

ለመሞከር የሚያመቸው የኔቫዳ ካርታ ነው፤ የሚሸጥ ቢሆንም። ቶኖፓ ቴስት ሬንጅ የተባለው አየር ማረፊያ 5,500 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ ከጅማ ጋር ተቀራራቢ ነው። በሚሽን ኤዲተር ሙቀቱን 25 ዲግሪ አድርገው ይነሱ፤ ከዚያ በካውካሰስ ካርታ ባሕር ዳር ካለው ባቱሚ ተነስተው ያነጻጽሩ።

ጥያቄ፦ ውጊያ ከጀመርኩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ጭስ ይወጣዋል፣ ይሞታል። ማንም አልመታኝም። (አንባቢ፣ ከመርካቶ)

መልስ፦ የገደሉት እርስዎ ነዎት፤ አራት መንገዶች አሉ፣ የትኛው እንደሆነ ከዳሽቦርዱ ይነበባል።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። 61 ኢንች በ3,000 ዙር በውጊያ ለ15 ደቂቃ ይፈቀዳል። 67 ኢንች፣ የመጨረሻው የአደጋ ጊዜ ጉልበት፣ ለ5 ደቂቃ ብቻ። ያለ ገደብ መሄድ የሚችለው በ46 ኢንች እና በ2,700 ዙር ነው። ለመንገድ ብቻ ከሆነ 36 ኢንች በ2,300 ዙር አካባቢ ይበቃዎታል፤ ነዳጅም ይተርፋል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ራዲያተሩ ሆዱ ሥር ስለሆነ የሚቀዘቅዘው በሚገባው አየር ነው። በ61 ኢንች፣ በ140 ማይል እየተንጠላጠሉ ሽቅብ ከወጡ የሚገባው አየር ያንሳል፣ ውሃው ይፈላል። መደበኛው የማቀዝቀዣ ሙቀት ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ነው፤ 121 ገደቡ ነው። ከዚያ ካለፈ ፈሳሹ በማስተንፈሻው ይወጣል። የወጣ አይመለስም፤ ጋዙን ቢቀንሱም ከዚያ በኋላ የሚሞቀው በፍጥነት ነው። መርፌው 115 ሲደርስ አፍንጫውን ዝቅ አድርገው ፍጥነት ይያዙ።

ሞተሩን ራስዎ ከዜሮ የሚያስነሱ ከሆነ ደግሞ የራዲያተሩን ማብሪያዎች ይመልከቱ። የውሃውና የዘይቱ ሁለቱም አውቶማቲክ ላይ መሆን አለባቸው። ኦፍ ላይ ከቀሩ የራዲያተሩ መዝጊያ ባለበት ይቀራል፤ አውሮፕላኑ ተነስቶ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ይፈላል።

ሦስተኛውን ብዙዎች አያውቁትም። የፕሮፔለሩ ዘንግ ዙሩን ይወስናል፣ ጋዙ ግፊቱን። ዙሩን 2,000 ላይ ትተው ጋዙን ወደ 61 ኢንች መግፋት የጅሬንን ዳገት ጭነት ይዞ በአራተኛ ማርሽ ለመውጣት እንደመሞከር ነው፤ ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለ ጊዜው ይፈነዳና ፒስተኑን ይቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ጉልበት ሲፈልጉ መጀመሪያ ዙሩን ይጨምሩ፣ ቀጥሎ ጋዙን። ሲቀንሱ መጀመሪያ ጋዙን፣ ቀጥሎ ዙሩን። ይህ ቅደም ተከተል እጅዎ ላይ እስኪቀር ድረስ ውጊያ ውስጥ አይግቡ።

አራተኛው ዘይት ነው። ማስታንግ ተገልብጦ ከ10 ሰከንድ በላይ መብረር የለበትም፤ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል። መደበኛው ከ70 እስከ 80 ነው፣ ከ50 በታች አደጋ ነው።

ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ጋዝ መስጠትም ያው ጥፋት ነው። ሞተሪኖው አዙሮት ሲነሳ ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያውን) ወደ ራን ያድርጉ፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ የዘይት ግፊቱ 50 ካልደረሰ ያጥፉት። ከደረሰ በ1,300 ዙር ያሙቁት፤ ዘይቱ 40፣ ውሃው 60 ዲግሪ እስኪደርስ። ከዚያ በ2,300 ዙር ማግኔቶዎቹን (ለሞተሩ የማቀጣጠያ ብልጭታ የሚሰጡትን) አንድ በአንድ ይፈትሹ፤ ዙሩ ከ100 እስከ 120 ቢወርድ ጤና ነው፣ ከዚያ የበለጠ ከወረደ አይነሱ።

ጥያቄ፦ ጭስም ሙቀትም ሳይኖር ሞተሩ ፀጥ ቢልስ? (ያው አንባቢ)

መልስ፦ ነዳጅ አልቆ ነው፤ ከአንዱ ታንክ ብቻ። በግራና በቀኝ ክንፍ በየአንዳንዱ 92 ጋሎን፣ ከመቀመጫው ጀርባ 85 ጋሎን አለ። ታንክ የሚቀይረው አብራሪው ነው፤ በራሱ የሚለወጥ የለም። በግራ ክንፍ ታንክ ይነሱ፤ ከካርቡሬተሩ የሚመለሰው ትርፍ ነዳጅ ወደዚያ ስለሚፈስ መጀመሪያ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ለአጭር ውጊያ ግን የኋላውን ታንክ ባዶ አድርገው መነሳት ይሻላል። ሙሉ ሲሆን ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ በጠባቡ ሲታጠፉ አፍንጫው ከፈለጉት በላይ ይነሳና አውሮፕላኑ ይገለበጣል።

ጥያቄ፦ ጀርመኖቹ ጀርባ ላይ እገባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አንድም አይመታም። አንዳንዴም ጭራሽ አይተኩስም። (ሁለት ጓደኛሞች፣ ከመንቲና)

መልስ፦ ጭራሽ የማይተኩሰው የጠመንጃው ዋና ማብሪያ ስላልተከፈተ ነው። «ገንስ፣ ካሜራ ኤንድ ሳይት» ወደሚለው ያንሱት፤ በካሜራና ሳይት በኩል ብቻ ከተተወ ማነጣጠሪያው ይበራል፣ ጥይት ግን አይወጣም።

አለመምታቱ የኬ-14 ማነጣጠሪያን ካለመረዳት ነው። ጂሮስኮፕ ያለው መሣሪያ ሲሆን፣ ዒላማው ከሚታጠፍበት ፍጥነት ተነስቶ ምን ያህል ወደፊት ቀድመው መተኮስ እንዳለብዎ ያሰላልዎታል። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ የዒላማው ክንፍ ስፋትና ርቀቱ። ስፋቱን ከማነጣጠሪያው ፊት ባለው ዘንግ ይሙሉ፤ ከጀርመን ተዋጊዎች ለሜሰርሽሚት 109 ኬ-4 ወደ 33 ጫማ፣ ለፎክ ዉልፍ 190 ዲ-9 34 ጫማ ገደማ። ርቀቱን ደግሞ በጋዙ እጀታ ላይ ያለው የሚጠመዘዝ መያዣ ይሰጠዋል፤ በጆይስቲክዎ ላይ ትርፍ ተንሸራታች ካለ ለዚህ ይመድቡት፣ ከሌለ ሁለት አዝራሮች ይስጡት።

ከስድስት ነጥቦች የተሠራው ክብ የዒላማውን ሁለት የክንፍ ጫፎች እስኪነካ ያጥብቡት፣ መሃሉን በአብራሪው ክፍል ላይ ያሳርፉ፣ ለአንድ ሰከንድ ያህል ሳያንቀጠቅጡ ይከተሉት፣ ከዚያ ይተኩሱ። ሰከንዷን መዝለል አይቻልም። ጂሮው የሚያሰላው ከእርስዎ የረጋ እንቅስቃሴ ነው፤ እጀታውን ከመነጨቁ ክቡ ይዋዥቃል፣ ስሌቱም ይበላሻል። ስለ ከርቨቸር ቀደም ሲል ያልነው እዚህ ላይ ዋጋው ይታያል።

መሣሪያው እስከ 800 ያርድ ቢያሰላም ከ300 ያርድ በላይ አይተኩሱ። ስድስቱ ጠመንጃዎች በክንፎቹ ላይ የተራራቁ ስለሆኑ ጥይታቸው የሚገናኘው በተወሰነ ርቀት ላይ ነው። ጠቅላላው ጥይት 1,880 ነው፤ የውስጠኞቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 400፣ የቀሩት አራቱ እያንዳንዳቸው 270 ይይዛሉ። ያለማቋረጥ ቢተኩሱ አራቱ በ20 ሰከንድ ገደማ ባዶ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማዎት የሁለት ጠመንጃ ድምፅ ብቻ ነው። የአንድ ወይም የሁለት ሰከንድ ተኩስ ይበቃል።

ደግሞም ከሜሰርሽሚት ጋር በዝግታ አይዙሩ። ማስታንግ ጉልበቱ በፍጥነት ላይ ነው፤ ከ250 ማይል በታች ከወረዱ ውጊያውን በጠላት ሜዳ ላይ እየተዋጉ ነው። ከላይ ወርደው ይምቱ፣ ፍጥነቱን ይዘው መልሰው ይውጡ።

ጥያቄ፦ የጭንቅላቴን እንቅስቃሴ ተከትሎ እይታውን የሚያዞር መሣሪያ መግዛት አልችልም። በአዝራር እየዞርኩ ጠላትን አጣዋለሁ። (አንባቢ፣ ከጅሬን)

መልስ፦ ተራ የላፕቶፕ ካሜራ ይበቃል። ኦፕንትራክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ያውርዱ፤ በኢንፑት ኒውራልኔት፣ በአውትፑት ፍሪትራክ፣ በፊልተር አክሴላ ይምረጡ። መብራቱ ከፊትዎ ይሁን፤ መስኮት ከኋላዎ ካለ ካሜራው ፊትዎን ጥቁር አድርጎ ያየዋል፣ እይታውም ይንቀጠቀጣል። ራስዎን 30 ዲግሪ ሲያዞሩ በስክሪኑ 150 ዲግሪ ያህል እንዲዞር ኩርባውን ያስተካክሉ፤ መሃሉ ላይ ግን ጠፍጣፋ ይተዉት፣ አለዚያ ሲያነጣጥሩ ዓይንዎ አይረጋም።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው። በሞባይል ዳታ አይታሰብም፤ መብራትም በመሃል ይጠፋል። (ከላይ የተጠቀሰው ተማሪ)

መልስ፦ ዲሲኤስ ያለው ጓደኛ ካለዎት ሙሉውን የፕሮግራም ፎልደር በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። መሠረታዊው ፕሮግራም ነጻ ስለሆነ ችግር የለውም። በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ካስቀመጡት በኋላ ሪፔር የተባለውን የራሱን መጠገኛ ያስኬዱ፤ የጎደለውንና የተበላሸውን ብቻ ከኢንተርኔት ያመጣል። ማውረዱ ቢቋረጥ ከቆመበት ይቀጥላል፤ ስለዚህ በሌሊት ፓኬጅ ከፋፍሎ መጨረስም ይቻላል።

በአፕዴት መሃል መብራት ከጠፋ ያው ሪፔር ነው መድኃኒቱ። ከአፕዴት በኋላ ምስሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ሴቭድ ጌምስ ውስጥ ያሉትን ኤፍኤክስኦ እና ሜታሼደርስ2 የተባሉ ፎልደሮች ውስጣቸውን ያጽዱ፤ ፕሮግራሙ እንደገና ይሠራቸዋል፣ የመጀመሪያው አነሳስ ብቻ ይዘገያል። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ሰው በኤስኤስዲ ላይ 32 ጊጋባይት የፔጅ ፋይል (ራም ሲሞላ የሚያግዝ ቦታ) ይመድብ። ከግራፊክስ ደግሞ በቅድሚያ ጥላን ይቀንሱ፣ የዳሽቦርዱን ጥራት ግን አይንኩ፤ መለኪያዎቹ ካልተነበቡ ማስታንግ አይበርም።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የበረሩ የድሮ ተዋጊዎችን በሲሙሌተር ማግኘት ይቻላል? (አረጋዊ አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ አባታችን፣ ጥቂቶቹን ይቻላል። ጅማ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1941 ከጣሊያን እጅ እስክትወጣ ድረስ በምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ጣሊያኖች ያበሩት የነበረው ባለ ድርብ ክንፉ ፊያት ሲአር 42 እና የተቃራኒው ወገን ግሎስተር ግላዲያተር ኢል-2 1946 በተባለው አሮጌ ሲሙሌተር ውስጥ አሉ። ይህ ደካማ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዘው፣ በ1961 ደግሞ ለተባበሩት መንግሥታት የኮንጎ ተልዕኮ የላከው ኤፍ-86ኤፍ ሳብር በዲሲኤስ ይሸጣል። ጄት ስለሆነ ወደ ግራ የሚጎትት ፕሮፔለር የለውም፤ እንደ ማስታንግ ስድስት ጠመንጃ አለው፣ የማነጣጠሪያውን ርቀት ግን ራዳር ይሞላለታል።

ጥያቄ፦ መነሳቱን ተምሬያለሁ። ሳርፍ ግን እንደ ኳስ ይነጥራል። (አንባቢ፣ ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ የሚነጥረው ፈጥነው ስለሚመጡ፣ አለዚያም መሬት ሲነካ እጀታውን ወደፊት ስለሚገፉ ነው። ጎማ ከ170 ማይል በታች ያውርዱ፣ ፍላፑን (ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ክፍል) በየደረጃው፣ ሙሉውን ከ165 በታች። የፕሮፔለሩን ዘንግ ወደፊት ይግፉ። በመጨረሻው መስመር 120 ማይል ይያዙ፣ የአስፋልቱን ጫፍ በ110 ይለፉ። ከዚያ ጋዙን ይዝጉና አፍንጫውን ቀስ በቀስ እያነሱ አውሮፕላኑ በራሱ እስኪቀመጥ ይጠብቁ፤ ሦስቱም ጎማ አንድ ላይ ይነካል። እጀታውን ወደ ኋላ እንደሳቡ ይቆዩ፤ የጭራ ጎማው የሚቆለፈው በዚያ ነው። ፍሬን በትንሽ በትንሹ፣ ፍጥነቱ ከወደቀ በኋላ ብቻ።

ትንሽ ከነጠረ እጀታውን ባለበት ይያዙት፣ ይመለሳል። ብዙ ከነጠረ ይተውትና ደግመው ይምጡ፤ ጋዙን ግን በአንድ ጊዜ አይግፉት። በ100 ማይል፣ ጎማና ፍላፕ ወርዶ እያለ 61 ኢንች በድንገት ከተሰጠ፣ የሞተሩ ጉልበት አውሮፕላኑን በግራ ክንፉ ላይ ይገለብጠዋል፤ ሮሉም ራደሩም ሊያቆሙት አይችሉም። በቀኝ ራደር እየደገፉ ወደ 40 ኢንች ያሳድጉት፣ 120 ማይል ሲያልፉ ይጨምሩ፣ ጎማውን ይሰብስቡ፣ ፍላፑን ከፍታ ከያዙ በኋላ ጥቂት በጥቂት ያንሱ።